«ዓሣ ዓሣ ነው» አትበሉን!

ሁዳዴ በገባ ቁጥር ከተማችን ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ዓሣ ይበላል» ይላል፤ ሌላው «በፍጹም!» ብሎ ይቆጣል። እኛ ፍርዱን ለአባቶች ትተናል። የሚያበግነን ሌላ ነው፦ «የትኛው ዓሣ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይጥፋ? ኦሪት እንኳ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ከሌለው ለይታለች። እኛ ከኦሪትም ወደ ኋላ ቀረን ማለት ነው።

«ደገኛና ዓሣን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ደግሞ እስቲ መካነ ሰላም ድረስ አብራችሁን ውጡ። የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ ከበውታል። ላይ ገብስ ይታጨዳል፤ ታች፣ በዓባይና በገባሮቹ፣ ሌላ ዓለም ይርመሰመሳል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ጺም አለው፤ ውኃው ሲደፈርስና ሲጎድል ከላይ አየር ስቦ ይኖራል። ሳይንቲስቶች «ጋራ» የሚሉት ትንሽዬ ዓሣ በአገጩ ሥር ባለ መምጠጫ ድንጋይ ላይ ይለጠፋል፤ ጎርፍ አይወስደውም። ነጭ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው! የሦስቱም ክንፍ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ እንደ ጃንጥላ በቀጫጭን ዘንጎች ላይ የተወጠረ ቆዳ። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ክንፍ ያላቸው ዓሦች ከ30,000 ዝርያ ይበልጣሉ። ከአከርካሪ አጥንት ባለቤቶች ግማሽ ያህሉን «ዓሣ ዓሣ ነው» ብሎ መዝጋት ዕውቀት አይደለም፤ ስንፍና ነው።

ስንፍናው ዋጋ ያስከፍላል። ዓባይን ከወሎ ገደል ሽቅብ ብትከተሉት ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ገደማ የሆነ ፏፏቴ ይገተራል። ዓሣ አይወጣውም። ከላይ፣ ጣና ውስጥ፣ ብቻቸውን የቀሩት ነጭ ዓሦች 15 ያህል ዝርያ ሆነዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ አገር የላቸውም። ስምንቱ በአፋቸው ጥርስ ሳይኖር ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። ገበያ ላይ ሲወጡ ግን የሁሉም ስም አንድ ነው፦ ነጭ ዓሣ።

ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይተማሉ። መረቡም የሚጠብቃቸው እዚያው፣ በወንዙ አፍ ላይ ነው። ይባስ ብሎ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ የሚበትን አለ፤ መርዙ እናትና ጫጩት አይለይም። ተመራማሪዎች እንደመዘገቡት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የጣና ትልልቅ ነጭ ዓሦች ክብደት በሦስት አራተኛ ያህል አሽቆልቁሏል። «ነጭ ዓሣ ዛሬም ገበያ አለ» የሚል ሰው የትኛው እንዳለ፣ የትኛው እንዳለቀ በምን ያውቃል?

«ዓሣ አጥማጁ ምን ይብላ?» ትሉናላችሁ። እኛም የምንጮኸው ነገም እንዲበላ ነው! ሕግ የለም እንዳትሉን፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል። የጎደለው በእንቁላል ወቅት የወንዙን አፍ የሚጠብቅ ሰው፣ መዝገብ ላይ ዝርያውን ለይቶ የሚጽፍ እጅና ለልጆች ከአንድ በላይ ዓሣ የሚያሳይ መምህር ነው።

እናንተም ጎበዝ፣ በሚቀጥለው ጾም ክርክሩን ከመጀመራችሁ በፊት ሳህኑ ላይ የተጋደመውን «ስምህ ማነው?» በሉት። ስም የሌለው ቢያልቅ ማን ይቆጥረዋል?