እጃችሁን ከማኅበሩ ላይ አንሱ

«መንዜ አዲስ ነገር አይቀበልም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ይህን ሐሜት ከቢሮ ሰዎችም ከፕሮጀክት ሰዎችም ሰምቼዋለሁ። ወረዳ ድረስ በመኪና ይመጣሉ፣ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ቀን ያስተምራሉ፣ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ብለው ሪፖርት ጽፈው ይመለሳሉ። ግንዛቤ የጎደለው ማን እንደሆነ ለማወቅ የመንዝን በግ ታሪክ ማየት ይበቃል።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ጸጉራም፣ ላታም፣ ብርድና ረሃብ የሚችል። በልጉ ሲከዳ፣ ገብሱን ውርጭ ሲመታው፣ ለማዳበሪያ ዕዳም ለልጅ ደብተርም ለሐኪም ቤትም የሚሸጠው እሱ ነው። መከራውም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ገበያ የሚወደው ፈጥኖ ያደገውን ጠቦት ነውና፣ ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ምርጡን ገና ሳያራባው ይሸጠዋል። ከመንጋው ጋር የሚቀረው ገዢ ያጣው ነው፤ የከርሞ ግልገሎች አባትም እሱ ይሆናል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ዘሩ ያሽቆለቁላል። ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አንዱ ምርጡን አውራ ቢያስቀር፣ ጎረቤቱ ቢሸጥ፣ በአንድ ሜዳ ተቀላቅሎ የሚውል መንጋ በማን አውራ እንደሚጠቃ ማን ያዝዛል? ለብቻ የሚፈታ ችግር አይደለም።

መንግሥት ለዚህ የሰጠው መልስ ከውጭ ማምጣት ነበር። አዋሲ የሚባል በግ ከእስራኤል መጣ፤ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ ማራቢያዎች ከመንዝ በግ ጋር ተዳቅሎ ክልሱ ለገበሬ ይታደል ጀመር። ክልሱ ግዙፍ ነው፤ መኖ ያለው ደጅ ሲያገኝ ያምርበታል፤ የወደዱት ገበሬዎችም አሉ። ነገር ግን የሚያዳቅለው የማራቢያ ማዕከሉ ነው፣ የሚያድለውም ማዕከሉ። ማዕከሉ ሲያስነጥሰው ሥራው ሁሉ ይታመማል። ገበሬው ተሰልፎ ከመጠበቅ በቀር ምን ድርሻ ነበረው?

እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ሥራ ግን ሌላ ዓይነት ነበር። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅቶችና የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ ያሉ በግ አርቢዎችን «እናንተ ምን ዓይነት በግ ትፈልጋላችሁ?» ብለው ጠየቁ። በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋርም እንዲሁ ተደረገ። አርቢዎቹ በማኅበር ተደራጅተው መንጋቸውን እንደ አንድ መንጋ ቆጠሩት። ግልገል ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፣ ይመዘናል፤ ስድስት ወር ሲሞላው እንደገና ይመዘናል። ከዚያ ወጣት አውራዎች አንድ ቦታ ይሰበሰቡና አርቢዎች የመረጧቸው ዳኞች ቀለማቸውን፣ ላታቸውን፣ ቁመናቸውን እያዩ ከክብደት መዝገቡ ጋር አስተያይተው ይመርጣሉ። የተመረጠው አውራ በጋራ ተይዞ ከቡድን ቡድን ይዘዋወራል። ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል። ምርጡ ጠቦት ለገበያ፣ ውራጁ ለዘር መሆኑ በዚህ ቀረ። በጎቹም ክብደት ጨመሩ።

ከውጭ የመጣ ዘር የለም፣ ውድ መሣሪያ የለም። አዲሱ ነገር ደንቡ ነው። ደንቡን ያስከበረው ደግሞ ማኅበሩ ነው፤ ምርጡን አውራ ለገበያ ሊነዳ የተነሳን ሰው «ተው!» የሚለው ጎረቤቱ እንጂ ከቪየና የመጣ ፕሮፌሰር አይደለም። ሚዛንና መዝገብ ይዘው ለመጡት ተመራማሪዎች ክብር አለኝ፤ ሥራቸውን ሠርተዋል። ግን ይህ ውጤት በየአዳራሹ «የፕሮጀክቱ ስኬት» እየተባለ ሲቀርብና የአርቢዎቹ ማኅበር «ተጠቃሚ» በሚል አንድ መስመር ሲታለፍ ዝም ማለት አልችልም። ተጠቃሚ? ፈጣሪው እሱ ነው!

በዚያው በ2009 ኤሊኖር ኦስትረም የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ሕዝብ የጋራ ሀብቱን ያለ መንግሥት ጌትነትና ያለ ግል ባለቤትነት፣ በገዛ ደንቡ ሊጠብቅ እንደሚችል ከየአገሩ ማስረጃ ሰብስባ ስላሳየች ነው። መንዝ ይህን ለመስማት ስቶክሆልምን መጠበቅ አላስፈለገውም። ጓሳ አለ።

በጌራ ምድር አናት ላይ፣ ከ3200 ሜትር በላይ የተዘረጋው ያ ሜዳ በቀሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። የአስቦና የጌራ ተወላጆች አለቃቸውን ይመርጡ ነበር፤ ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋ፣ ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨድ፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋ ነበር። ያጠፋ ብርቱ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። የቤት ክዳኑ፣ የዝናቡ ገሳ፣ ገመዱ ሁሉ ከዚያ ይወጣ ነበር። ቀሮ ፍጹም ነበር አልልም፤ መብቱ በአጽመ ርስት የሚወረስ ስለነበር ዘር የማይቆጠርለትን በር ላይ ያቆም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ያንን ግፍ ሻረ፤ አበጀ። ግን ከግፉ ጋር ጥበቃውንም ሻረው። ጓሳ የሁሉም ተባለና ጠባቂ አጣ፤ ታጨደ፣ ታረሰ፣ ተጋጠ። መልሶ ያዳነው ያው ሕዝብ ነው፤ ኮሚቴ አቆመ፣ ደንቡን አደሰ፣ ይህን ጊዜ ያለ ዘር ቆጠራ። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም በዚያ አሉ፤ እነሱን ሊያይ የሚመጣ እንግዳም የሚያርፈው ማኅበረሰቡ በሚያስተዳድረው ማረፊያ ነው።

ከላይ በትእዛዝ የተሠራ ማኅበር ዕጣው ምን እንደሆነም አይተነዋል። ደርግ ገበሬውን በአምራች ኅብረት ሥራ አደራጀው፤ በሬው የጋራ፣ መሬቱ የጋራ ሆነ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው አንድ ቀን አላደረም ማለት ይቻላል፤ መሬቱን ተካፍሎ በሬውን እየነዳ ቤቱ ገባ። ከዚህ ምን ተማርን? ምንም! ዛሬም በኮታ እናደራጃለን። «በዚህ ሩብ ዓመት ይህን ያህል ወጣት በማኅበር አደራጁ» የሚል ደብዳቤ ይወርዳል። በቅጡ የማይተዋወቁ ልጆች ተጠርተው አንድ ስም ይወጣላቸዋል፤ ደንባቸው ከሌላ ቀበሌ የተገለበጠ ነው፤ ብድሩ ሲለቀቅ ተካፍለው ይበተናሉ። ከዚያ «መንዜ በጋራ መሥራት አያውቅም» ይባላል። በሰንበቴው፣ በእድሩ፣ በወንፈሉ፣ በእቁቡ ዕድሜውን ሙሉ በጋራ የኖረን ሕዝብ!

ሆስፒታልና መንገድ ከሌላ ሊመጣ ይችላል። የካርልሃይንዝ በም «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ላይ እናት ሆስፒታልን ሠርቷል፤ ተመስገን። የጋራ ደንብ ግን በጭነት መኪና አይመጣም።

የራሳችንንም ነውር ልናገር፤ ይህን ካልተናገርኩ ቢሮውን የመውቀስ መብት የለኝም። ከበግ ጸጉር የሚሠራው የመንዝ ባናና ዝተት የተመሰገነ ነው። ጸጉሩን የምታጥበው፣ የምታፍታታው፣ በብርድ ሌሊት እንዝርት ስታሾር የምታነጋው ሴት ናት። ሸማኔው ድርና ማግ አድርጎ ይሠራዋል። የማኅበር መዝገብ ሲከፈት ግን የሚጻፈው የአባወራው ስም ነው። ስብሰባ የሚቀመጠው እሱ፣ ትርፍ ሲከፋፈል የሚፈርመው እሱ። ፈትል እንዴት እንደሚቀጥን፣ የየትኛው በግ ጸጉር ለባና እንደሚሆን የምታውቀው ሴት የምትናገርበት ወንበር ከሌላት፣ ያ ማኅበር ምን አዲስ ነገር ሊያወጣ ነው? የበግ ዘር ስንመርጥ ጸጉሩን ቸል ብለን ክብደቱንና ቁመናውን ብቻ የምናይ ከሆነ አይገርመኝም፤ ጸጉሩን የምታውቀዋ አልተጠየቀችም።

እናንተ በዞንና በክልል ወንበር ላይ ያላችሁ፣ ልመናዬ ብዙ አይደለም። ማኅበሩ ደንቡን ራሱ ይጻፍ፤ እናንተ ማኅተማችሁን አሳርፉበትና ውጡ። ባልም ሚስትም በየስማቸው ይመዝገቡ፣ በየራሳቸው ድምፅ ይስጡ። ማኅበሩን የማዳበሪያ ዕዳ ሰብሳቢ አታድርጉት። የዘር አውራ ስትፈልጉ ከማኅበሩ በሚገባው ዋጋ ግዙ። ከሩብ ዓመት ሪፖርታችሁም ላይ «ስንት ማኅበር ተደራጀ» የሚለውን ሰርዙና፣ ከአምስት ዓመት በፊት ካደራጃችኋቸው ውስጥ ስንቱ ዛሬም ስብሰባ እንደሚቀመጥ ጻፉልን።