ባሕሩን ፈልገው እኛን ወዳጅ አሉን



በእኛ በላስታ ቡና ላይ የውጭ መንግሥታት ነገር ከተነሳ ጨዋታው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «እንግሊዝ እስረኞቿን አስፈትታ ሄደች፣ መሬታችንን አልነካችም» ይላል። ሌላው «ራሽያ በሃይማኖት ዘመዳችን ናት፣ ለዐድዋ ቁስለኞች ሐኪም ልካለች» ይላል። የእኛም ልጆች ይህንኑ ይደግማሉ። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው፤ ሁለቱም ዓይናቸው ባሕሩ ላይ ነበር።

ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ልጥቀስ። እንግሊዝ በ1839 ዓደንን የያዘችው ወደ ሕንድ ለሚሄዱ መርከቦቿ ከሰል መጫኛ ፈልጋ ነው። ሕንድን ይነጥቀኛል ብላ የምትሰጋው ደግሞ ራሽያን ነበር። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ቀይ ባሕር የሁለቱም ጎዳና ሆነ፤ ራሽያም ወደ ሩቅ ምሥራቅ ጠረፏ መርከብ ትልክበት ጀመር።

ቦዩ ሊከፈት አንድ ዓመት ሲቀረው ጄኔራል ናፒየር ዙላ ወርዶ ወደ መቅደላ ዘመተ። የላስታው ዋግሹም ጎበዜ መንገድ አልዘጋበትም፤ ገበሬውም እህሉን በብር ሸጠለት። ውለታው እንዴት ተከፈለ? ናፒየር ሲመለስ መድፍና ወደ 850 የሚጠጋ ጠመንጃ ለትግራዩ ካሳ ሰጥቶ ሄደ። ካሳ ለባሕሩ ቅርብ ነዋ! ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ የነገሠው ጎበዜ በ1871 ዐድዋ አጠገብ ድል ሆኖ ተማረከ፤ ካሳም ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። ከዚያ በ1878 ቦሩ ሜዳ መጣ። የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ሲታዘዝ፣ ስንቱ ቤተሰብ ሲሰደድ፣ ሸህ ጠልሃ እምቢ ብለው ሲነሱ፣ ያ ጠመንጃ ከየት እንደመጣ ያስታወሰ አለን? እንግሊዝ ይህን አስባ ሰጠች አልልም። በማን ላይ እንደሚዞር ግን አልጨነቃትም።

ለዮሐንስም ቢሆን አልሆነችም። በ1884 በምጽዋ ዕቃ በነፃ ያልፋል ብላ ተዋዋለች፤ በዓመቱ ኢጣሊያ ምጽዋ ስትገባ ይሁን አለች።

ራሽያስ? በ1889 አሺኖቭ የሚባል ኮሳክ ካህናትና ወደ 150 የሚሆን ሰው ይዞ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰጋሎ ላይ ሰፈረ። ለኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ነው ተባለ። ሰጋሎ ያለው ግን የዓፋር ሙስሊም ነው፤ ማን ጠየቀው? የፈረንሳይ መርከቦች በመድፍ ደብድበው አስወጧቸው፤ የዛሩ መንግሥትም ካዳቸው። በ1896 የመጡት የራሽያ ሐኪሞች ቁስለኛ ማከማቸውን አልክድም፤ የሠራ ይመስገን።

ነገሩ የሃይማኖት ቢሆን ኖሮ ግን ሃይማኖት የለሾቹ ሶቪየቶች ያንኑ ባሕር ባልፈለጉ ነበር። እንግሊዝ በ1967 ዓደንን ስትለቅ የእነርሱ መርከቦች ተተኩ። በርበራ ላይ ተቀምጠው ሶማሊያን ሲያስታጥቁ ኖሩ፤ በ1977 ወደ ደርግ ዞሩ፤ ከሶማሊያ ሲባረሩም ዳህላክ ላይ ሰፈሩ። ኦጋዴን ላይ በወዲህም በወዲያም የወደቀው ልጅ አንድ አገር በሠራው መሣሪያ ነው ያለቀው።

እንግዲህ ልጃችሁ «ወዳጃችን ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ካርታውን አስገልጡት። ዙላን፣ ሰጋሎን፣ ዳህላክን በጣቱ ያሳያችሁ።