ክላሽ ያነገተው ማን ነው?

ለአንድ የአዳማ የጸጥታ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ ኦቦ፣

ስምዎን ትቼዋለሁ። ደብዳቤው ለእርስዎ ቢሆንም በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተመሳሳይ ወንበር የያዙት ባልደረቦችዎም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የእድራችን ድንኳን ድረስ መጥተው ለቅሶ ስለደረሱን እናመሰግናለን። ብዙ ኃላፊ ሰው ልኮ ይቀራል፤ እርስዎ ራስዎ መጡ። ያስከፉን አብረውዎት የመጡት ናቸው። ጂንስ የለበሱ፣ አንዱማ የኳስ ማልያ ያጠለቀ፣ ክላሽ ያነገቱ ልጆች ድንኳን ገብተው ከሐዘንተኛው መሐል ተቀመጡ። አንደኛው መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ንፍሮ ሲዘግን አፈሙዙ በቀጥታ ወደ ሟች እህት ዞሮ ነበር። ሴትዮዋ ለቅሶዋን አቋረጠች። አጠገቧ የነበሩት ቀስ እያሉ ሸሹ። እርስዎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወሬ ይዘው ስለነበር አላዩም፤ ወይም ማየቱን ለምደውታል።

ምስጋናዬን ቶሎ ልጨርስ። እርስዎ ወደ ኃላፊነቱ ከመጡ ወዲህ በሰፈራችን የሌሊት ዝርፊያ ቀንሷል። ባጃጆቹ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላም ይሠራሉ። ይህን አልክድም። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

የምቆጨው ድሮ አብረን ሮንድ የወጣን ሰዎች ስለሆንን ነው። ያኔ የያዝነው ዱላና የእጅ ባትሪ ነበር። ክንዳችን ላይ ነጭ ጨርቅ ያሳሰሩን እርስዎ ነዎት፤ ማን መሆኑ የማይታወቅ ሰው ዱላ ይዞ በሌሊት አይዞርም ብለው። አንድ ጎረቤታችን ጨርቁን ረስቶ ቢመጣ ወደ ቤቱ መለሱት። ለዱላ እንዲህ የተጨነቀ ሰው ዛሬ ለክላሽ ምን ነካው?

የመሣሪያ ነገር ብዙ ያናግራል። በመኪና መስኮት አፈሙዙን አውጥተው ታክሲ ተራውን የሚያቋርጡ አሉ። ማኪያቶ ጠጪው ፊት ክላሹን ጠረጴዛ ላይ የሚያስተኙ፣ ሁለት ቢራ ከጠጡ በኋላ ሽጉጥ የሚያሳዩ አሉ። የሠርግ ተኩሱም አለ፤ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ የሚወድቅበትን ጣሪያ ማንም አይመርጥለትም። እነዚህን ሁሉ ዛሬ ልለፋቸው። የኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ በአደባባይ መሣሪያ የያዘ ሰው ማን እንደሆነ፣ ማን እንዳስታጠቀው ስናየው ለምን አናውቅም?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ፈቃዱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ክላሹ ትከሻ ላይ ነው። ፖሊሱ አለ፣ ሚሊሻው አለ፣ ጋቸና ሲርና የሚባለው ታጣቂ አለ፣ የባለሥልጣን አጃቢው አለ፣ ባለሀብቱ የቀጠረው ጋርድ አለ። ግማሾቹ በሲቪል ልብስ ናቸው። ፍራንኮ ወይም ፖስታ ቤት አካባቢ ቆሞ ማን የማን እንደሆነ የሚለይ ነዋሪ ካለ ያምጡልኝ።

ሲቪል መልበስ ለጥበቃ ሥራ ያስፈልጋል እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እስቲ እንየው። ሲቪል የለበሰ ጠባቂ ጥቅሙ አለመታወቁ ነው። ሽጉጡን ከጃኬቱ ሥር ይዞ ከሕዝቡ ይቀላቀላል። ደንብ ልብስ የለበሰው ጥቅሙ ደግሞ መታወቁ ነው፤ ወንጀለኛው አይቶ ይርቃል፣ የተቸገረ ሰው አይቶ ይጠጋል፣ ያጠፋ እንደሆነ ስሙና ቁጥሩ ተይዞ ይከሰሳል። ማልያ ለብሶ ክላሽ ያነገተው ልጅ ግን ከሁለቱም የለበትም። አልተደበቀም፣ አልታወቀምም። የሚያተርፈው ማስፈራት ብቻ ነው፤ የሚያስፈራውም ሌባውን ሳይሆን ለቀስተኛውን ነው።

ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። የመቂውን ያስታውሱ። በ2016 ዓ.ም. የኦነግ የፖለቲካ ኃላፊ የነበረው በቴ ኡርጌሳ በሌሊት ከሆቴሉ ተወስዶ በማግስቱ፣ ሚያዝያ 2፣ ተገድሎ ተገኘ። ስለ ገዳዩ እዚህ የምለው የለኝም። የምጠይቀው የበር ጠባቂውን ጉዳይ ነው። በእኛ ከተሞች በሌሊት የታጠቁ ሰዎች መጥተው እንግዳ ሲፈልጉ፣ የሆቴል ዘበኛ በምን ምልክት ለይቶ ይከልክል? ወደ የትኛው አለቃ ይደውል? አጋቹም ይህን ያውቃል። ሰው አግቶ ገንዘብ የሚጠይቀው ወንበዴ የሚያስፈልገው አንድ ክላሽና አንድ ኮስታራ ፊት ብቻ ነው፤ የቀረውን እናንተ አስለምዳችሁለታል። ደንብ ልብስም ይሰረቃል ካሉኝ፣ እውነት ነው፣ ይሰረቃል። የተሰረቀ ቁጥር ግን ይጣራል። የማልያ ቁጥር ለማን ይጣራል?

ማንነት መለየት ያቃተው ሕዝብ ደግሞ ራሱ ፈራጅ ይሆናል። ሻሸመኔ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ያየነው ይኸው ነው። አቀባበል ሊያደርግ በወጣ ሕዝብ መሐል አንድ ሰው ቦምብ ይዟል ተባለ፤ ወሬው ብቻ በቃው። ሰውየው በጠራራ ፀሐይ ተገድሎ ተሰቀለ። ቦምብ አልነበረም።

በአርሲ ሴት ሲንቄ የተባለውን በትሯን ይዛ ከተጣሉት መሐል ስትቆም ጠቡ ይበርዳል። በትሩ የሚሠራው ማን እንደያዘችው፣ በምን ሥርዓት እንደያዘችው ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ሥልጣን እንዲህ እንደሚታይ ለእርስዎ መንገር አይገባኝም፤ እናትዎ ያውቁታል።

የጸጥታ ሙያው በሙሉ ታሟል ለማለት እደፍራለሁ። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ የጸጥታ ሥልጠናው፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ዐውደ ጥናቱ፣ አበሉ የሚከፈለው በእኛ ሆቴሎች ነው። በር ላይ «መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ፈታሿ የእኔን ኪስ፣ የአሮጊቷን ዘንቢል ትበረብራለች። ክላሽ ያነገተው ሲመጣ ግን ፈቀቅ ትላለች። ማነህ አትለውም። ብትለውስ ምን ያሳያታል? ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ስለ ሕዝብ አመኔታ ስላይድ እያዩ ነው። የኃላፊ ክብር በአጃቢው ብዛት መለካት ከጀመረ ቆየ፤ አንድ አጃቢ ያለው ሁለት ያለውን ያያል፣ ሁለት ያለው አራት። ዘፋኙም በክሊፑ ክላሽ ካላነገተ የዘፈነ አይመስለውም።

የካውቦይ ፊልም ያሳደገን ሰዎች ነንና አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ቱምስቶን በምትባለው፣ በተኩስ ስሟ በገነነው ከተማ፣ እንደ ፈረንጆች በ1881 የወጣ ደንብ ወደ ከተማ የሚገባ ሰው መሣሪያውን እንደደረሰ እንዲያስረክብ ያስገድድ ነበር። ፊልሙ ይህን አያሳይም።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። በአደባባይ ረጅም መሣሪያ የሚይዝ ሁሉ፣ አጃቢም ይሁን ሚሊሻ፣ ከሩቅ የሚነበብ ቁጥርና የተቋሙ ስም ያለበት ሰደርያ ይልበስ። ቁጥሩን ይዘን የምንደውልበት ስልክ በየቀበሌውና በየሆቴሉ በር ይለጠፍ። ይህን መልበስ የማይፈልግ ክላሹን ያስረክብ። ድንኳን፣ ቤተ እምነት፣ ሆስፒታል ሲደረስ ደግሞ ልጆቹ ውጭ ይጠብቁ። ወጪ እንዳይሉኝ፤ ካዝናው ውስጥ ካለው ጥይት ሰደርያው ይረክሳል።

ጊዜውንም ልንገርዎ። መስከረም ሲጠባ ሕዝቡ እርጥብ ሣር ይዞ ከአዳማም ከሞጆም ለኢሬቻ በዓል ወደ ቢሾፍቱው ሆራ አርሰዲ ይወርዳል። መስከረም 22 ቀን 2009 እዚያ የሆነውን ሁለታችንም አንረሳውም። የሞተው በመንግሥት ቁጥር 55 ሰው ነው፤ ከዚያ እጅግ ይበልጣል የሚሉም አሉ። ብዙዎቹን የፈጀው አስለቃሽ ጭሱና ተኩሱ ያስነሳው ሽሽት ነው፤ ተረጋግጠው፣ ጉድጓድ ገብተው ሞቱ። በዚያ መጨናነቅ ውስጥ አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ልጅ ክላሹን ከትከሻው ቢያወርድ ሕዝቡ ጠባቂ ነው ብሎ ይቁም ወይስ ይሩጥ? ሰደርያዎቹ ከዚያ በፊት ይድረሱ። የማይደርሱ ከሆነም ምክንያቱን በዚሁ በአደባባይ ይጻፉልኝ።

ከሮንድ ጓደኛዎ፣ አዳማ