ድምፅ በጩኸት አይሠለጥንም

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

የወላጆች ቀን በደረሰ ቁጥር ለተማሪዎች የሚመረጠው ዘፈን ብዙ ጊዜ ከአቅማቸው በላይ ስለሚሆን፣ የሚመለከታቸው ሁሉ ያስቡበት ዘንድ ይህችን አስተያየት እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የማስተምረው በአውቶቡስ ተራ አካባቢ ነው። እዚህ ከንጋት ጀምሮ የአገር ስም እየጠራ መንገደኛ የሚሰበስበውና ዕቃውን እየጮኸ የሚሸጠው ብዙ ነው። ልጆቻችንም በዚሁ መካከል ስለሚያድጉ የጎላ ድምፅ ሁሉ ያማረ ድምፅ ይመስላቸዋል። በዚህ ላይ አንድ ዝነኛ ዘፋኝ ዓመታት ደክሞ የደረሰበት ዘፈን ሲሰጣቸው፣ እርሱን ለመምሰል ጉሮሯቸውን ያስጨንቃሉ፤ ድምፃቸውም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ «ድምፅ የለህም» ይባላል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ለመማር የሚመኝ ልጅ በዚህ ምክንያት ተስፋው ሲቆረጥ ማየት ያሳዝናል።

የድምፅ ቅልጥፍና በደረጃ የሚገኝ ነው። ኢጣሊያዊው ኒኮላ ቫካይ በ1832 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው የዘፈን መማሪያ ተማሪውን ከተራው የድምፅ መሰላል አንሥቶ ጥቂት በጥቂት ወደ ፈጣኑ ጌጥ ያደርሰዋል፤ መልመጃዎቹም ግጥም ያላቸው አጫጭር ዘፈኖች ናቸው። አስቀድሞም ጁሊዮ ካቺኒ በ1602 እ.ኤ.አ. በፍሎረንስ ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም፣ የድምፅ ጌጥ ቃሉን ሊያገለግል እንደሚገባ አስረድቷል።

ይህ ሥርዓት ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ተማሪ ጾመ ድጓን ሳያጠና ወደ ድጓ አይዘልም። ርክርክ የሚባለው ምልክትም ድምፅ የሚርገበገብበትን ስፍራ ለይቶ ያሳያል እንጂ በየቃሉ ላይ አይበተንም።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርኩት መዝሙር ትንፋሼን አስተካክሎልኛል፤ ነገር ግን በአብዛኛው ለአንድ ፊደል አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚሰጥ ጉሮሮን አያቀላጥፍም። ለዚህ አምባሰል ይሻላል። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትጫወት የሰማ ሁሉ አንዲት ፊደል በስንት ድምፅ እንደምትዞር ያውቃል። ሆኖም ጀማሪው በአንድ ጊዜ ያን ያህል ይሥራ ማለቴ አይደለም።

ስለዚህ ዘፈን የሚመርጥ መምህር እነዚህን ቢመለከት መልካም ነው። አንደኛ፣ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ ያለው ርቀት ከአንድ ኦክታቭ ባይበልጥ። ሁለተኛ፣ የሚዞረው ድምፅ በስንኙ መጨረሻ ላይ ሦስት ወይም አራት ብቻ ቢሆን፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ በለሰለሰ ድምፅ ተጠንቶ በኋላ ቢፈጥን። ሦስተኛ፣ ድምፁ የሚዞርባት ፊደል አፍ የምታስከፍት ራብዕ ብትሆን፤ ሳድስ ላይ ድምፅ ማዞር ለጀማሪ ይከብዳልና። አራተኛ፣ ልጁ ከዘፈነ በኋላ ድምፁ ከሻከረ፣ ዘፈኑ ይለወጥለት እንጂ ልጁ አይወቀስ።

የትምህርት ባለሥልጣኖችና የሙዚቃ መምህራን ተባብረው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደራጁ የአማርኛ መልመጃ ዘፈኖችን በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ቢያወጡልን፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ለመጪው የወላጆች ቀን ዘፈን የምትመርጡ ባልደረቦቼ፣ ከጭብጨባው በፊት የልጆቹን ጉሮሮ እንድታስቡ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከአውቶቡስ ተራ፣ አዲስ አበባ