ዩኒት ከመጨመራችሁ በፊት ሆዳችንን ዳስሱልን

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ኢንሱሊን በሚወጉ ሕሙማን ላይ የመርፌ ቦታ ምርመራ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን መወጋት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። መድኃኒት ጠፋ፣ ተወደደ ብዬ ለመክሰስ አልጻፍኩም፤ እሱን ሌሎች ብዙ ብለውበታል። የእኔ ጉዳይ ከእምብርቴ በስተግራ ያለች፣ ግማሽ እንቁላል የምታክል እብጠት ናት።

አታምም፤ አትቀላም። መርፌ ሲገባባት እንኳ አይሰማኝም፤ የወደድኳትም ለዚሁ ነው። ሰው ራሱን ሲወጋ የማያመውን ቦታ ይመርጣል፣ እጁም ወደለመደበት ይሄዳል። በኋላ እንደተረዳሁት ኢንሱሊን ስኳር ማውረድ ብቻ ሳይሆን ስብንም ያፋፋል። አንድ ቦታ ላይ ተደጋግሞ ሲወጋ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ያብጣል፣ ይደነድናል። ሐኪሞች ሊፖሃይፐርትሮፊ ይሉታል። እዚያ ውስጥ የተወጋ ኢንሱሊን ወደ ደም የሚገባው እንዳሻው ነው፦ አንድ ቀን ዘግይቶ፣ አንድ ቀን ጥቂት ብቻ።

ይህን ሳላውቅ ስኳሬ ከፍ አለ። በየቀጠሮው ዩኒት ተጨመረልኝ፤ ከሃያ ተነስቼ አርባ አራት ደረስኩ። «እንጀራ ታበዛለህ? መርፌ ትዘላለህ?» ተባልኩ። እንጀራውን ቀነስኩ፣ ሻዩን ያለ ስኳር ለመድኩ፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ወደ ሆዴ ስለሚገባው የጠየቀኝ ብዙ ነው፤ ሆዴን የነካ አንድም አልነበረም። የምከታተልበትን ሆስፒታል ስም አልጠቅስም፤ ወረፋውን ስለማውቅ በባለሙያዎቹም አልፈርድም።

ነገሩ የተገለጠው ለቅሶ ቤት ነው። አገር ቤት ሄደን፣ ሰው በሞላበት ክፍል ሸሚዝ መግለጡ አሳፍሮኝ ጓዳ ገብቼ ጭኔን ወጋሁ፤ ያንኑ አርባ አራት ዩኒት። ሌሊት ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ የምናገረው ጠፋኝ። ዘመድ ጠበል ይወሰድ እያለ ሲከራከር ባለቤቴ ስኳር በጥብጣ አጠጣችኝ። ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ በማግስቱ መጥታ «ጋሼ፣ እስቲ ሸሚዝዎን ይግለጡ» አለች። በጣቷ ዳሰሰችና ዝም አለች። አርባ አራቱ ዩኒት ጤነኛ ሥጋ ሲያገኝ ሙሉ በሙሉ ሠርቷል፤ ለዓመታት ግን እብጠቷ ውስጥ ሲባክን ነበር።

የእኔ ብቻ ገጠመኝ ቢሆን ኖሮ አላስቸግራችሁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የስፔን ጥናት ኢንሱሊን የሚወጉ 430 ሰዎችን መርምሮ ከሦስቱ ሁለት በሚጠጉት ላይ ይህን እብጠት አግኝቷል። እብጠት ካለባቸው 39 በመቶው ምክንያቱ ባልታወቀ ሁኔታ ስኳር ይወርድባቸው ነበር፤ እብጠት ከሌለባቸው ግን 6 በመቶ ገደማው ብቻ። ያ ስፔን ነው። እኛ ዘንድ ለአንድ ጊዜ የተሠራ ስሪንጅ ለሳምንትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። መርፌ ሲዶለዱም እጅ ያውቀዋል፤ ቆዳው እሺ አይልም፣ ገፋ ማድረግ ይጠይቃል። ብልቃጡ ከፋርማሲ ይሰጠናል፣ ስሪንጁን ግን ብዙዎቻችን እንደምንም ነው የምናገኘው። መርፌ በደጋገምን፣ ቦታም ባልቀያየርን ቁጥር እብጠቱ ይብሳል።

ስለዚህ የምንለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። በክትትል ካርዱ ላይ ከደም ግፊቱና ከክብደቱ ጎን «የመርፌ ቦታ» የምትል አንዲት መስመር ትጨመር። ባለሙያው ዩኒት ከመጨመሩ በፊት ሆዳችንን፣ ጭናችንን፣ ክንዳችንን በእጁ ይዳስስ። እብጠቱ በዓይን ሁልጊዜ ስለማይታይ ማየት ብቻውን አይበቃም። ይህ ሪኤጀንት አያስፈልገውም፣ መብራት ጠፋ ተብሎም አይቀርም። ኢንሱሊን ሲታደል ስሪንጁ አብሮ ይታደል። እብጠት ውስጥ ለሚባክን ዩኒት የሚወጣው የመድኃኒት ገንዘብ ስሪንጅ ከሚጠይቀው ጋር ይመዛዘን፤ ሒሳቡን የእናንተ ባለሙያዎች ከእኔ በተሻለ ይሠሩታል። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቦታ ስለመቀያየር በየአካባቢው ቋንቋ ያስተምሩ፦ ዛሬ ከተወጉበት ነገ ቢያንስ አንድ ጣት ያህል ራቅ ማለት፣ ሆድን በአራት ከፍሎ በየሳምንቱ ወደ ሌላው መዞር። ወረቀት ማደሉን ለብቻው አላምንበትም፤ የእኔ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነው እብጠቷ ያደገችው።

ደብዳቤውን የሚያነቡ ሕሙማን ካሉ አንድ ነገር አደራ። እብጠት ብታገኙ በዚያው መጠን ወደ ጤነኛ ቦታ አትዝለሉ፤ እንደ እኔ ስኳራችሁ በሌሊት ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ መጠኑ መቀነስ ይኖርበት ይሆናል። የእኔ ተቀንሶ፣ ስኳሬ በየቀኑ እየተለካ፣ ዛሬ ሠላሳ አራት ላይ ረግቷል። እብጠቷም በወራት ውስጥ እየለዘበች ነው።

የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ኅዳር 5 ይከበራል። የእኔ ቀጠሮ በዚያው ሳምንት ነው፤ ሸሚዜን ገልጬ እገባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኢንሱሊን ተጠቃሚ