«መካን ናት» ብሎ የፈረደው ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት በቅናት ጉዳይ ላይ እመለሳለሁ ብያችሁ ነበር። ይቅርታችሁን፣ ቅናቱ ይቆየን። ከሚዛን ተፈሪ አካባቢ በሰው እጅ የደረሰኝ አንድ ደብዳቤ ከጠረጴዛዬ ላይ አልነሳም ብሎኛል። ሦስት ገጽ ነው፣ በፊትም በጀርባም ተጽፎበታል። ጸሐፊዋ ስሟም ቀበሌዋም እንዳይወጣ አደራ ስላለችኝ አደራዋን ጠብቄ ዋና ዋናውን ላስነብባችሁ።

«ዕድሜዬ 26 ነው። ከተጋባን አምስት ዓመት ሊሞላን ነው፣ ልጅ ግን የለንም። አማቴ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ስሜን ትተው ‹ደረቋ› ነው የሚሉኝ። ከጋብቻ በፊት ለአንድ ዓመት የሦስት ወር መርፌ ተወግቼ ነበርና ማህፀኔን ያደረቀው እሱ ነው ይላሉ። ጠበል ተጠምቄአለሁ፣ ሥር በጥብጠው አጠጥተውኛል። ጤና ጣቢያ ሄጄ ‹የሚታይ ነገር የለብሽም› ተባልኩ። ባለቤቴን ‹እስቲ አንተም ተመርመር› ብለው ‹ወንድነቴን በብልቃጥ ይዤ ለሰው አላሳይም› ብሎ ሊመታኝ ተነሣ። አሁን ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ ሌላ ሊያገባ ነው፤ ልጅቷንም አውቃታለሁ። ቡናውን ግን አብረን ነው የተከልነው። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ፤ መካን ነኝ ወይ?»

እህቴ፣ መካን ሁኚ አትሁኚ እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም። አማትሽም ሊያውቁ አይችሉም። የገረመኝ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ያልተመረመረው ሰው ፈራጅ፣ የተመረመረችው ደግሞ ፍርደኛ መሆኗ ነው።

እኔ ልጅነቴን ያሳለፍኩት ቴፒ ነው። አባቴ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ነበር የወሰደን። ጎረቤታችን የነበረች አንዲት ሴት፣ እትዬ ነበር የምንላት፣ በተጋባች በሰባተኛው ዓመት «አልወለደችም» ተብላ አንድ ሳጥንና አንድ ጀበና ይዛ ከቤቷ ወጣች። ማሻ ሄዳ አንድ ነጋዴ አገባች። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላት መንታ ወለደች። የመጀመሪያው ባሏ ከእሷ በኋላ ሁለት ሴት አግብቶ ፈታ፤ አንዳቸውም አልወለዱለትም። ታዲያ ሰፈሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አስደግማበት ነው የሄደችው!» ሰውየው ሐኪም ቤት ይታይ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ስጽፍ ያቺን ሴትዮ ጀበናዋን አቅፋ መኪና ስትጠብቅ ነው የማያት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እናንተ የቡና አገር ሰዎች ስለ ቡና እኔን ታስተምሩኛላችሁ እንጂ እኔ አላስተምራችሁም። የካቲትና መጋቢት ላይ ዝናቡ ጠብ ባለ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ቡናው ነጭ ይለብሳል፤ ሽታው መንደሩን ያውደዋል። አበባው ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። የእኛ ቡና፣ አረቢካ የሚባለው፣ በራሱ የአበባ ዱቄት ራሱን የሚያፀንስ ተክል ነው። አንድ እግር ቡና ብቻውን ጓሮ ቢቆም ያፈራል። ሮቡስታ የተባለው ዘመዱ እንኳ ከሌላ ዛፍ ዱቄት ካልመጣለት አያፈራም። ሰው በዚህ በኩል የሮቡስታ ወገን ነው፤ ሁለት ካልሆነ የለም። አለማፍራቱን ለአንዷ ብቻ መስጠት ከየት የመጣ ሂሳብ ነው?

ሴት ልጅ ገና ስትወለድ ኦቫሪ በሚባሉት ሁለት የእንቁላል ማኅደሮቿ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርሱ ያልበሰሉ እንቁላሎች ይዛ ነው የምትመጣው። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመኗ በስለው የሚለቀቁት ከ400 እስከ 500 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ በየወሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ። እንቁላሏ ከተለቀቀች በኋላ የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። የወንዱ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በወር ውስጥ ልጅ ሊፀነስባቸው የሚችሉት ቀናት ስድስት ያህል ናቸው፤ እንቁላሏ የምትለቀቅበት ቀንና ከዚያ በፊት ያሉት አምስቱ። የሁለቱ መገናኛ ማህፀኑ ራሱ ሳይሆን ወደ ማህፀን የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ነው። ይህን ቱቦ ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እህቴ በደብዳቤሽ ሁለተኛ ገጽ ላይ ያለፍሽበት አንድ ነገር አለ። ባለቤትሽ በለቀማ ጊዜ በበቃ ወርዶ ሳምንታት ይቆያል፣ በሌላውም ጊዜ ለንግድ ይወጣል፣ ወር በገባ ነው የሚመጣው ብለሻል። እንግዲህ የመጣባቸው ቀናት ከእነዚያ ስድስት ቀናት ጋር ስንት ጊዜ ተገናኝተው ይሆን? የወር አበባ ያየሽበትን የመጀመሪያ ቀን አንድ ብለሽ ቁጠሪ። የሚቀጥለው የሚመጣው በ28 ቀን ከሆነ እንቁላሉ የሚለቀቀው ወደ 14ኛው ቀን ገደማ ነው፤ በ35 ቀን ከሆነ ግን ወደ 21ኛው ይሄዳል። ከሚቀጥለው የወር አበባ ወደ ኋላ 14 ቀን መቁጠር ነው ነገሩ። በእነዚያ ቀናት ከብልት የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል የጠራና የሚለጠጥ ይሆናል። ባልና ሚስት አብረው የሚያድሩ ከሆነ ደግሞ መቁጠርም አያስፈልግ፤ በየሁለት በየሦስት ቀኑ መገናኘት ይበቃል።

ሐኪሞች «የመውለድ ችግር አለ» የሚሉት ባልና ሚስት ያለ ምንም መከላከያ አንድ ዓመት ሙሉ እየተገናኙ ሳይፀነስ ሲቀር ነው። ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ስድስት ወር መጠበቅ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት አዋቂ ሰዎች አንዱን ያህል በሕይወቱ ውስጥ ይህ ችግር ይገጥመዋል። ከእነዚህ ባልና ሚስቶች በግማሹ ያህል ወንዱ ድርሻ አለው፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተዳምሮ።

አሁን ለባልየው ልናገር። ወንድሜ፣ ይህን ጋዜጣ ማታ ሚስትህ ስታነብልህ ከሆነ እባክህ አትነሣ፣ ቁጭ በል። ወንድነትና ዘር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አልጋ ላይ ጎበዝ የሆነ ሰው ዘሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ የሚፈሰው ፈሳሽ አብዛኛው ከሌሎች ዕጢዎች የሚመጣ ስለሆነ በዓይን አይለይም። በማይክሮስኮፕ የሚቆጠሩት ስፐርሞች ናቸው ወሬው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው መመሪያ ዝቅተኛው መመዘኛ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው። ከዚያ ያነሰ ያለው አይወልድም ማለት ግን አይደለም፤ ቀነሰ ማለት ነው። ምርመራው መርፌም ቢላዋም የለበትም። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅበህ ናሙናውን በንጹሕ ዕቃ መስጠት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ማድረስ ነው። በኮንዶም አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ቅባት ዘሩን ሊጎዳ ይችላል።

ደግሞ የቆላ ቡና አካባቢ ስለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ወባ ጥሎህ ከነበረ ለሐኪሙ ንገር። ስፐርም ከተጀመረ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ኃይለኛ ትኩሳት ያንን ሥራ ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ከወባ ማግስት የሚደረግ ምርመራ ሳያስፈልግ ሊያስደነግጥህ ይችላል። ሦስት ወር ቆይቶ መድገም ነው። በጉርምስና ወይም ከዚያ በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞህ ቆለጥህ አብጦ ነበር? እሱንም ንገር። በቆለጥ ላይ የሚወጠር የደም ሥር አለ፣ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል። መድኃኒት የምትረጭ ከሆነም አትደብቅ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በካሊፎርኒያ ዲቢሲፒ የተባለ የተባይ መድኃኒት የሚያመርቱ ወንድ ሠራተኞች እርስ በርስ ሲጫወቱ ነው «ለምን አንወልድም?» ብለው ነገሩ የተደረሰበት። እነሱም ወንዶች ነበሩ፣ አላፈሩም፣ ተመረመሩ።

ወደ ቱቦዋ ልመለስ። በለቀማ ሰሞን ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል፣ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ ጠላ ቤቱና ጠጅ ቤቱ ይሞቃል። ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ የሁላችንም ሠፈር ነው። ጨብጥ በወንድ ላይ ብዙ ጊዜ ይታወቃል፤ መግል አለው፣ ያቃጥላል። በሴት ላይ ግን ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ክላሚዲያ የሚባለው ደግሞ ከጨብጥም ይብሳል፤ አብዛኞቹ ሴቶች መያዛቸውን አያውቁትም። ሁለቱም ወደ ላይ ወጥተው ያንን ቀጭን ቱቦ ያቆስሉታል፤ ቁስሉ ሲጠግግ ቱቦው ይዘጋል። የሳንባ ነቀርሳም ወደዚያ ወርዶ እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። አንቺም «ከሁለት ዓመት በፊት ከእምብርቴ በታች አሞኝ፣ ቢጫ ፈሳሽ ነበረኝ፣ ክኒን ሰጥተውኝ ተወኝ» ብለሻል። ያኔ ባልሽ ክኒኑን አብሮሽ ወስዷል? ካልወሰደ መልሶ ሰጥቶሽ ይሆናል። ጤና ጣቢያ «የሚታይ የለም» ቢልሽም ቱቦ በእጅ ዳሰሳ አይታይም። ቀለም በማህፀን በኩል ገብቶ በራጅ የሚነሣ ምርመራ አለ፤ ያንን ጠይቂ።

መርፌውን በተመለከተ አማትሽ ተሳስተዋል። የሦስት ወሩ መርፌ ማህፀን አያደርቅም። አንድ እውነት ግን አለ፤ ከሌሎቹ መከላከያዎች ይልቅ ወደ መውለድ ለመመለስ ያዘገያል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለመፀነስ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ይፈጃል፣ አንዳንዷ ላይ ከዚያም ይቆያል። አንቺ መርፌውን ካቆምሽ አምስት ዓመት አልፎሻል፤ በእሱ አይመካኝ። ጠበልሽን ጠጪ፣ ማንም አይከለክልሽም። ሥሩን ግን አቁሚ፣ በብልት በኩል የሚከተት ቅጠልማ በፍጹም።

ምን ታድርጊ? ብቻሽን ተነሥተሽ ደግመሽ «ተመርመር» አትበይው፤ ሊመታሽ ተነሥቷልና። እሱ የሚያከብረውን ሰው፣ አጎቱን ወይም አንድ ጠና ያለ ወንድ ነርስ ያዢ። ያ ሰው «ሐኪሙ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ነው የሚያየው» ይበለው። ሐሰት አይደለም፤ መሆን ያለበት እንዲያ ነው። ሚዛን አማን ካለው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ጀምሩ። ከእሱ በላይ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ በአገራችን የመጀመሪያ የሆነውን፣ እንቁላልና ዘርን ከአካል ውጭ የሚያገናኝ የሕክምና ማዕከል ከፍቷል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ሕፃን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1978 እንግሊዝ አገር ስትወለድ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር፤ ከሐኪሞቿ ጋር የሠራው ሳይንቲስት ሮበርት ኤድዋርድስ በ2010 ኖቤል ተሸልሞበታል። ወጪው ቀላል አይደለም፣ ሁልጊዜም አይሳካም፤ እሱን አልደብቅሽም። ለብዙው ሰው ግን ነገሩ እዚያ ሳይደርስ በክኒን ወይም በትንሽ ቀዶ ሕክምና ያልቃል።

ቡናውስ? በትዳር ውስጥ አብራችሁ ያፈራችሁት የጋራ ነው። ትዳርን የሚያፈርሰው አማት ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በሚስት ላይ ሚስት ማግባትን በመርህ ይከለክላል። ቡናው ሳይሸጥ በፊት ወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ተማከሪ። ይህን የምለው ባልሽን እንድትከሺው አይደለም። ሳጥንና ጀበና ብቻ ይዘሽ እንዳትወጪ ነው።

የምርመራው ውጤት ሲደርስሽ፣ የማንኛችሁም ቢሆን፣ ጻፊልኝ። ከቦንጋ «ሴት ልጅ ብቻ ትወልዳለች ተብዬ ተፈታሁ» ብለሽ የጻፍሽልኝ እህት፣ ያንቺ ተራ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እስከዚያ ለባልሽ ይህችን አስነብቢው፤ የልጁን ጾታ የሚወስነው የአባት ዘር ነው።