የዋልታ ባሕር በረዶ መዝገብ፦ የዕድሜ ልክ ልፋት የቆመበት ክር ምን ያህል ጠንካራ ነው?

በጁን 2025 መገባደጃ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ከሳተላይቶቹ የሚያገኘውን አንድ መረጃ ለሳይንቲስቶች ማካፈሉን በቀናት ውስጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። መረጃው የዋልታ ባሕሮች በየዕለቱ ምን ያህሉ በበረዶ እንደተሸፈኑ የሚታወቅበት ነው። ተመራማሪዎች ስጋታቸውን ካሰሙ በኋላ ቀነ ገደቡ በአንድ ወር ተገፋ፤ ቆይቶም ስርጭቱ እስከ ሴፕቴምበር 2026 እንደሚቀጥል ተገለጸ (ዘመኑ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

ውዝግቡ ጊዜያዊ መፍትሔ አግኝቷል። ያስነሣው ጥያቄ ግን አልተዘጋም። የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት የአሜሪካዊቷን ተመራማሪ የክሌር ፓርኪንሰንን የሥራ ዘመን መመልከት ይጠቅማል።

ከሰማይ የሚነበብ በረዶ

ፓርኪንሰን ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1977 አግኝተው በቀጣዩ ዓመት በናሳ የጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከል ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ኒምበስ 7 የተባለችው ሳተላይት መጠቀች። ሳተላይቷ የያዘችው መሣሪያ ከምድር ገጽ የሚወጣውን የማይክሮዌቭ ጨረር ይለካ ነበር። በረዶ ከውሃ የበለጠ ይህን ጨረር ስለሚያወጣ ሁለቱን መለየት ይቻላል። ጨረሩ ደመናን አልፎ ስለሚደርስና የፀሐይ ብርሃን ስለማያስፈልገው፣ ወራት የሚዘልቀው የዋልታ ጨለማ እንኳ ልኬታውን አያግደውም።

ከዚያ ቀደም በ1972 የመጠቀች ሳተላይትም ተመሳሳይ መረጃ ሰብስባ ነበር። ነገር ግን የእርሷ መሣሪያ ካቆመ በኋላ ነው ቀጣዩ ሥራ የጀመረው። ሁለቱ ጎን ለጎን ለክተው ስለማያውቁ ውጤታቸውን በአስተማማኝ መንገድ ማያያዝ አስቸጋሪ ሆነ። ዛሬ በስፋት የሚጠቀሰው ተከታታይ መዝገብ ከ1978 የሚጀምረውም በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ በ1987 አዲሱ የወታደራዊ ሳተላይት መሣሪያ ከኒምበስ 7 ጋር ለጥቂት ሳምንታት አብሮ በመሥራቱ መዝገቡ ሳይበጠስ ቀጠለ።

ደቡብ ዋልታ ያመጣው ድንጋጤ

የዚህ ትዕግሥት ፍሬ በ2019 በግልጽ ታየ። ፓርኪንሰን የ40 ዓመት መረጃ መርምረው ባሳተሙት ጥናት፣ በአንታርክቲካ ዙሪያ ያለው የባሕር በረዶ ለአሠርት ዓመታት ቀስ በቀስ ሲሰፋ ቆይቶ በ2014 በዓመታዊ አማካይ 12.8 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር መድረሱን አሳዩ። በ2017 ግን ወደ 10.7 ሚሊዮን አሽቆለቆለ። ይህ ፍጥነት በሰሜን ዋልታ ከታየው እጅግ የላቀ ነበር።

መዝገቡ በ2014 ቢቋረጥ ኖሮ፣ የደቡቡ በረዶ እየጨመረ ነው የሚለው ድምዳሜ የመጨረሻ ቃል በሆነ ነበር። ከዚያ ወዲህም በፌብሩዋሪ 2023 የአንታርክቲካ የባሕር በረዶ ወደ 1.79 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ወርዶ የመዝገቡን ዝቅተኛ መጠን አስመዘገበ። በሰሜን ዋልታም በማርች 2025 የክረምቱ ከፍተኛ ስፋት 14.33 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ይህም እስከዚያ ከተለኩት የክረምት ጣሪያዎች ሁሉ ያነሰው ነው።

የሚንሳፈፍ በረዶ መቅለጡ በራሱ የባሕርን ከፍታ እምብዛም አይለውጥም። ሆኖም ነጩ በረዶ የፀሐይን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ሲያንጸባርቅ፣ በቦታው የሚተካው ጥቁር ውሃ ሙቀቱን ይውጣል። ሙቀቱም በተራው ተጨማሪ በረዶ ያቀልጣል።

ቀጣዩ ምንድን ነው?

አሁን መረጃውን የሚልኩት የአሜሪካ ወታደራዊ ሳተላይቶች አርጅተዋል፤ ከመካከላቸው አዲሱ የመጠቀው በ2009 ነው። ለመተኪያነት የተሠራ አንድ ሳተላይት ደግሞ ሳይመጥቅ ቀርቷል። ተስፋው ያለው በጃፓን በኩል ነው። ጃፓን በ2012 ያመጠቀችው ሳተላይት ተመሳሳይ መሣሪያ ይዛለች፤ በጁን 2025 ደግሞ ተተኪዋን ልካለች።

ይሁን እንጂ የመሣሪያ መኖር ብቻውን አይበቃም። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ለክተው ልዩነታቸው መታረም አለበት። ያ የጋራ ጊዜ ካመለጠ፣ በበረዶው ላይ የታየ ለውጥ የተፈጥሮ ይሁን የመሣሪያ ለመለየት ያዳግታል። በ1970ዎቹ የተፈጠረውን ክፍተት በኋላ የመጣ ቴክኖሎጂ ሙሉ በሙሉ ሊደፍነው አልቻለም። እስከ ሴፕቴምበር 2026 የተገኘው ጊዜም ዋነኛ ፋይዳው ይህንን ሽግግር ለማጠናቀቅ ዕድል መስጠቱ ነው።